አብረን ተቀጥረን እሱ ለምን ይበልጠኛል?

«ባሶዋ» በሚል የብዕር ስም ከደብረ ብርሃን የደረሰኝ ደብዳቤ አጠር ተደርጎ እንዲህ ይላል፦

«ለተከበሩ የዓምዱ አዘጋጅ። 26 ዓመቴ ነው። ተወልጄ ያደግሁት መንዝ ሲሆን፣ አሁን ደብረ ብርሃን ከተማ በአንድ የልብስ ስፌት ፋብሪካ ውስጥ በማሽን ኦፕሬተርነት እየሠራሁ አራተኛ ዓመቴን ይዣለሁ። ከደመወዜ ላይ ለእናቴ በየወሩ እልካለሁ፤ የታናሽ ወንድሜንም የትምህርት ወጪ የምሸፍነው እኔ ነኝ። ከእኔ ጋር በአንድ ቀን የተቀጠረ፣ በአንድ መስመር ጎን ለጎን ተቀምጠን አንድ ዓይነት ጃኬት የምንሰፋ ወንድ ባልደረባ አለኝ። ባለፈው ወር ፔሮል ላይ ስፈርም ከስሜ በታች ያለውን የእሱን መስመር አየሁት፤ የእኔ መነሻ ደመወዝ 3,400 ብር ሲሆን የእሱ 4,150 ነው። አለቃችንን ብጠይቀው ‹እሱ ቤተሰብ አስተዳዳሪ ነው፤ ደግሞም የደመወዝ ነገር አይወራም› ብሎ አሰናበተኝ። አክስቴ ‹ዝም አይነቅዝም፤ እንጀራሽን በእግርሽ አትግፊ› ትለኛለች። ወንድሜ በበኩሉ ይህ ጉዳይ አሜሪካ ውስጥ እንኳ ፖለቲከኞችን እስከ ዛሬ የሚያጣላ ስለሆነ አንቺ ብቻሽን ምንም አታመጪም ይለኛል። ብናገር እንዳልባረር እፈራለሁ፤ ዝም ብል ደግሞ ማሽኑ ላይ በተቀመጥኩ ቁጥር ያ ቁጥር ይመጣብኛል። ምን ይመክሩኛል?»

ውድ ባሶዋ፤

አለቃሽ የሰጠሽ መልስ ሁለት ክፍል አለው። አንደኛው ባልደረባሽ ቤተሰብ አስተዳዳሪ ስለሆነ ይበልጥሻል የሚለው ነው፤ ሁለተኛው ደግሞ የደመወዝ ነገር አይወራም የሚለው። ሁለቱም ትክክል አይደሉም። የበለጠ ጉዳት የሚያደርሰው ግን ሁለተኛው ነው ብዬ ስለማምን፣ ለመጀመሪያው አስቀድሜ መልስ ሰጥቼ ሰፋ ያለውን ቦታ ለሁለተኛው እተውለታለሁ።

ደመወዝ የሚከፈለው ለተሠራ ሥራ እንጂ ሠራተኛው ማታ ቤቱ ሲገባ ለሚጠብቀው የቤተሰብ ብዛት አይደለም። እንዲያ ቢሆን ኖሮ ፋብሪካው ለወንደላጤው ከባለትዳሩ ያነሰ፣ ሰባት ልጅ ላለው ደግሞ ሦስት ካለው የበለጠ ይከፍል ነበር፤ እንዲህ የሚያደርግ አሠሪ ግን እስከ ዛሬ አልገጠመኝም። የቤተሰብ ኃላፊነት በምክንያትነት የሚቀርበው ሴት ሠራተኛ ለምን አነሰኝ ብላ ስትጠይቅ ነው። አንቺ ራስሽ እናትሽን ትጦሪያለሽ፣ ወንድምሽን ታስተምሪያለሽ። ቤትን በሴት ደመወዝ ማስተዳደር በሰሜን ሸዋ ከተሞች እንግዳ ነገር ባለመሆኑ «እማወራ» የሚለውን ቃል ማብራራት የሚያስፈልገው ሰው የለም።

ሕጉም ይህንን ሰበብ አያውቀውም። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 35 ሴቶች በቅጥር፣ በሥራ ዕድገት፣ በክፍያና ጡረታን በማስተላለፍ እኩል መብት እንዳላቸው ከደነገገ በኋላ፣ ስለ ሠራተኞች መብት በሚናገረው አንቀጽ 42 ሴት ሠራተኞች ለተመሳሳይ ሥራ ተመሳሳይ ክፍያ ሊያገኙ እንደሚገባ ለብቻው ጽፎታል። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ደግሞ አሠሪ እንዳይፈጽማቸው የተከለከሉትን ድርጊቶች በአንቀጽ 14 ሲዘረዝር፣ ሴት ሠራተኛን በጾታዋ ምክንያት በክፍያ ማበላለጥን አንዱ አድርጎ አስቀምጦታል። ስለዚህ አንቺ የምትጠይቂው ውለታ አይደለም።

ይህን ስልሽ ከወረቀት ላይ ብቻ አንብቤ አይደለም። እናቴ ደብረ ሲና ውስጥ ሕንፃ በሚገነባበት ቦታ በቀን ሥራ ትውል ነበር፤ ትምህርት በማይኖርባቸው ቀናት ምሳዋን የማደርስላት እኔ ነበርኩ። ድንጋዩና አሸዋው ከመንገዱ ዳር እስከ ሕንፃው የሚጓጓዘው በባሬላ ነው። ባሬላ ሁለት ረዣዥም እንጨቶች ያሉት፣ አንድ ሰው ከፊት አንድ ሰው ከኋላ ሆነው የሚሸከሙት ነገር መሆኑን ታውቂያለሽ። እናቴ ብዙ ጊዜ የምትይዘው የኋላውን ጫፍ ነበር፤ የፊቱን የሚይዘው አንድ የሰፈራችን ጎልማሳ ነው። ደብረ ሲና ዳገት ነች። ዳገት ሲወጣ ደግሞ የባሬላው ክብደት ወደ ኋላ ስለሚያጋድል፣ ከታች ያለው ሰው ከላይ ካለው የበለጠ ይሸከማል። እናቴ ነጠላዋን ወገቧ ላይ ጠበቅ አድርጋ አስራ፣ አንገቷን አቀርቅራ፣ የእንጨቱን ጫፍ ከእጇ እንዳያመልጥ በጨርቅ ጠቅልላ ስትወጣ አሁንም ትታየኛለች። ቅዳሜ ማታ ሒሳብ ሲሰጥ ግን ለፊተኛው የወንድ ዋጋ፣ ለኋለኛዋ የሴት ዋጋ ተብሎ ይቆጠርላቸው ነበር። በአንድ ባሬላ ላይ ሁለት ዋጋ መኖሩን ያኔ እንደ ዝናብና እንደ ጭጋግ የተፈጥሮ ነገር አድርገን ስለወሰድነው እናቴም አልጠየቀች፣ እኔም አልጠየቅሁም። አንቺ በመጠየቅሽ ብቻ እኛ ያልሄድንበትን መንገድ ጀምረሻል።

አሁን ወደ ሁለተኛው መልስ ልለፍ። የደመወዝ ነገር አይወራም የሚለው ልማድ በየፋብሪካውና በየቢሮው የተለመደ ከመሆኑ የተነሣ እንደ ጨዋነት ይቆጠራል። ገንዘብ ያዡ ፔሮሉን ሲያስፈርም ማስመሪያ ወይም ቁራጭ ካርቶን አሳርፎ የሌላውን መስመር ይሸፍናል፤ ሠራተኛውም ዓይኑን ላለማሳረፍ ይጠነቀቃል። እኔ ግን ያ ካርቶን የማንን ምሥጢር እንደሚጠብቅ አስቢበት እላለሁ። ባልደረባሽ 4,150 ብር ማግኘቱ ቢታወቅ የሚያፍርበት ነገር የለውም፤ አንቺም 3,400 ማግኘትሽ ጥፋትሽ አይደለም። ቁጥሮቹ ጎን ለጎን እንዳይታዩ የሚፈልገው ልዩነቱን የፈጠረው ወገን ነው።

ወንድምሽ ያነሳው የአሜሪካ ክርክርም የሚሽከረከረው በዚሁ ዙሪያ ስለሆነ ታሪኩን ባጭሩ ልንገርሽ። እዚያ አገር ለእኩል ሥራ እኩል ክፍያ የሚለው ሕግ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1963 ነው። ሕጉ ከወጣ ከብዙ ዓመታት በኋላ ሊሊ ሌድቤተር የምትባል ሴት በአላባማ ግዛት በሚገኝ የጉድይር ጎማ ፋብሪካ ውስጥ ለ19 ዓመታት ያህል ሠራች። እንደ እርሷ ያሉት ኃላፊዎች ምን ያህል እንደሚከፈላቸው የምታውቅበት መንገድ አልነበራትም። ጡረታ ልትወጣ ስትቃረብ ማንነቱ ያልታወቀ ሰው በወረቀት ላይ የሦስት ወንዶችን ደመወዝ ጽፎ አስቀመጠላት። በፍርድ ቤቱ መዝገብ እንደተገለጸው እርሷ በወር 3,727 ዶላር ስታገኝ፣ በተመሳሳይ ኃላፊነት ላይ ከነበሩት ወንዶች ዝቅተኛው ተከፋይ 4,286፣ ከፍተኛው ደግሞ 5,236 ዶላር ያገኝ ነበር። ክስ መሠረተች፣ በመጀመሪያውም ፍርድ ቤት ረታች። ጉዳዩ እ.ኤ.አ. በ2007 ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሲደርስ ግን ዳኞቹ 5 ለ 4 ተከፍለው፣ የመጀመሪያው አድልዎ በተፈጸመ በ180 ቀናት ውስጥ አላመለከተችም በማለት ውድቅ አደረጉባት። ልብ በይ፤ ያላመለከተችው ስላላወቀች ነበር፤ ያላወቀችውም ስለማይወራ ነው። ከዚያ በኋላ በኮንግረሱ ውስጥ በተደረገ ብርቱ ትግል እ.ኤ.አ. በጥር 2009 በስሟ የተጠራ ሕግ ወጥቶ፣ ጎዶሎ ደመወዝ በተከፈለ ቁጥር የማመልከቻው ጊዜ እንደ አዲስ እንዲቆጠር ተደረገ። ለእርሷ ለራሷ ግን ያ ሕግ አንድ ሳንቲም አላስመለሰላትም።

አክስትሽ «ዝም አይነቅዝም» ማለታቸው አንቺን ከመውደድ የመጣ ስለሆነ አልነቅፋቸውም። ብዙ ነገር በዝምታ እንደሚታለፍ ሕይወት አስተምሯቸዋል። የደመወዝ ጥያቄ ግን ይነቅዛል። በእኛም አዋጅ የደመወዝ፣ የትርፍ ሰዓትና የመሳሰሉት ክፍያዎች ጥያቄ መከፈል ከነበረበት ቀን ጀምሮ በስድስት ወር ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ ይታገዳል። ስድስት ወር ማለት የሌድቤተርን ጥያቄ ያስቀረው 180 ቀን ማለት ነው። እያንዳንዱ ወር ዝም ባልሽ ቁጥር ከኋላ አንድ ወር እየተቆረጠ ይሄዳል። ይርጋው የሚቋረጠው ጉዳዩ ሥልጣን ላለው አካል ሲቀርብ ወይም አሠሪው መብትሽን በጽሑፍ ሲያምን ነው እንጂ አለቃን በቃል በመጠየቅ አይደለም። በዚህ የተነሣ ለአለቃሽ የነገርሽው ነገር፣ ድፍረትሽን ባደንቅም፣ በሕግ ዓይን ገና አልተጀመረም።

«ነገር ግን ለሦስት ዓመት ፔሮል ላይ ፈርሜያለሁ፤ ተስማምታለች አይሉኝም ወይ?» ብለሽ ሳትሠጊ አትቀሪም። ሥጋቱ አይግባሽ። አዋጁ አሠሪው የደመወዝ መክፈያ መዝገብ እንዲይዝ ያስገድደዋል፤ ሠራተኛዋ ስትጠይቅም ስለ ራሷ የተጻፈውን እንዲያሳይና እንዲያብራራላት ያዝዘዋል። ከሁሉ በላይ ደግሞ ሠራተኛ በመዝገቡ ላይ የተጻፈውን ገንዘብ ሳይቃወም መቀበሉ ቀሪውን እንደተወ አያስቆጥርበትም ይላል። ፊርማሽ የሚመሰክረው 3,400 ብር መቀበልሽን ብቻ ነው፤ የሚገባሽ 3,400 ብቻ ነው ማለትሽን አይመሰክርም።

ማመልከቻ ከመጻፍሽ በፊት ግን በእርጋታ የምታጣሪው ነገር አለ። ያየሽው አኃዝ በእርግጥ መነሻ ደመወዙ ነው ወይስ የመገኘት ጉርሻና የትርፍ ሰዓት ተደምሮበታል? ባልደረባሽ ሲቀጠር የቀደመ የሥራ ልምድ ወይም አንቺ የሌለሽ የሙያ ብቃት ምዘና ማረጋገጫ ነበረው? የሥራ መደቡ ደረጃ በቅጥር ደብዳቤው ላይ ከአንቺ ከፍ ብሎ ተጽፏል? እነዚህ ነገሮች ካሉ ልዩነቱ ከጾታ ውጪ ምክንያት ሊኖረው ይችላል፤ ፋብሪካውም መጀመሪያ የሚያነሳው እነርሱን ይሆናል። አለቃሽ ግን ስለ ልምድም ስለ ደረጃም አንዲት ቃል ሳይተነፍስ ቤተሰብ አስተዳዳሪ ነው ማለቱ ለአንቺ ትልቅ ነገር ነው። መቼ እንደተናገረ፣ የት ቆማችሁ እንደነበር፣ ማን እንደሰማ ዛሬውኑ በደብተርሽ ላይ ከነቀኑ ጻፊው።

ይህን ለማጣራት ከሁሉ የሚቀርብሽ ሰው ባልደረባሽ ራሱ ነው፤ በደብዳቤሽ ውስጥ ስለ እርሱ አንድም መጥፎ ቃል አለመጻፍሽን ወድጄዋለሁ። የእርሱ ደመወዝ ይቀነስ አላልሽም፤ ማለትም የለብሽም። ምናልባት አብረሽው ሻይ ስትጠጪ በግልጽ ብትነግሪው የቅጥር ደብዳቤውን ሊያሳይሽ ይችላል። እምቢ ቢልሽም አትቀየሚው፤ እርሱም እንጀራው ነውና ሊፈራ ይችላል። ከእርሱ ቀጥሎ ከአንቺ መስመር ሴቶች ጋር ተነጋገሪ። ሁሉም ሴቶች አንድ ዓይነት፣ ወንዶቹ ደግሞ ሁሉም ከፍ ያለ ሆኖ ከተገኘ፣ ነገሩ የአንቺና የእርሱ ጉዳይ መሆኑ ቀርቶ የፋብሪካው አሠራር ጉዳይ ይሆናል፤ አንዲትን ሴት በአመለኛነት መፈረጅም ያን ጊዜ ይከብዳል።

ስለ መባረር ያለሽን ፍርሃት አላቃልለውም። በደብረ ብርሃን ብርድ ሌሊት 11 ሰዓት ተነሥታ ሰርቪስ የምትጠብቅ ሴት ሥራዋን የምትይዘው አጥብቃ ነው። አዋጁ ሠራተኛ በአሠሪው ላይ ቅሬታ ማቅረቡ ወይም በክስ መካፈሉ ውሉን ለማቋረጥ በቂ ምክንያት እንደማይሆን በግልጽ ይናገራል፤ መብቱን በተጠቀመ ሠራተኛ ላይ የበቀል እርምጃ መውሰድንም ይከለክላል። በተግባር ግን በቀል የሚመጣው ስሙን ቀይሮ፣ ማርፈድ ወይም የጥራት ጉድለት ተብሎ ነው። ስለዚህ ቅሬታሽ በተያዘባቸው ወራት ፊርማሽ በሰዓቱ ይሁን፣ ፈቃድ ስትወስጂ በጽሑፍ ይሁን፣ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ከሰጡሽ ተቀብለሽ መልስሽን በጽሑፍ ስጪ። ይህን ስመክርሽ ጥፋት የሠራ ሰው መስለሽ እንድትኖሪ ፈልጌ አይደለም፤ ሰበቡን ከእጃቸው ለማውጣት ነው።

የወንድምሽን ጥያቄ ሳልመልስ አላልፍም፤ እርሱ ያየው ነገር እውነት ስላለው። በአሜሪካ የሌድቤተር ሕግ ከወጣ በኋላም ትግሉ አልቆመም። እ.ኤ.አ. በ1997 ለመጀመሪያ ጊዜ የቀረበ አንድ ረቂቅ ሕግ ሠራተኞች ስለ ደመወዛቸው በመነጋገራቸው እንዳይቀጡ፣ አሠሪም ልዩነቱን በእርግጥ ከሥራው ጋር በተያያዘ ምክንያት እንዲያስረዳ ይጠይቃል። የተወካዮች ምክር ቤቱ በ2019 እና በ2021 ቢያጸድቀውም፣ ሴኔቱ ውስጥ ለማለፍ የሚያስፈልገውን 60 ድምፅ ሊያገኝ አልቻለም። የሚቃወሙት ወገኖች አድልዎ በ1963ቱ ሕግ ተከልክሏል፣ አዲሱ ደግሞ ክስ ያበዛል፣ በትናንሽ ድርጅቶችም ላይ ጫና ይፈጥራል ይላሉ። ክርክራቸውን አከብራለሁ፤ ነገር ግን ሰው የማያውቀውን በደል መክሰስ ስለማይችል፣ መከልከሉ ብቻ በቂ ነው የሚለውን አልቀበለውም። ወንድምሽ ከዚህ ተነሥቶ ትግሉ ከንቱ ነው ብሎ ደመደመ። እኔ የማየው ግን የሌድቤተር ሕግ የተጀመረው በአንዲት የጎማ ፋብሪካ ሠራተኛና በአንድ ቁራጭ ወረቀት መሆኑን ነው።

ከአንቺ ሙያ ጋር የሚቀራረብ ሌላ ታሪክም አለ። እ.ኤ.አ. በ1968 በእንግሊዝ አገር ዳገንሃም በተባለ ቦታ በፎርድ ፋብሪካ የመኪና ወንበር ልብስ የሚሰፉ ሴቶች፣ ሥራችሁ ሙያ የማይጠይቅ ነው ተብለው ዝቅ ባለ ደረጃ በመመደባቸው ሥራ አቆሙ። አድማቸው እ.ኤ.አ. የ1970ውን የእኩል ክፍያ ሕግ ካስገኙት ምክንያቶች አንዱ ሆነ። የእነርሱ ጥያቄ ከአንቺ ጥያቄ አንድ እርምጃ ይርቃል። አንቺ ጎንሽ የተቀመጠ፣ ያንኑ ጃኬት የሚሰፋ ወንድ ስላለ ማነጻጸሪያ አለሽ። ሰፊዎቹ በሙሉ ሴቶች፣ ቆራጮቹና መካኒኮቹ በሙሉ ወንዶች በሆኑበት ክፍል የምትሠራዋ እህትሽ ግን «ተመሳሳይ ሥራ» ብላ የምታመለክትበት ሰው የላትም። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ1999 የተቀበለችው የዓለም ሥራ ድርጅት ስምምነት ቁጥር 100 እኩል ዋጋ ላለው ሥራ ሲል፣ ሕገ መንግሥታችን ተመሳሳይ ሥራ ይላል፤ በሁለቱ ቃላት መካከል ያለው ክፍተት ብዙ ሴቶችን ያስቀራል። አዋጅ 1156/2011 መንግሥት፣ አሠሪዎችና የሠራተኛ ማኅበራት የሚወከሉበት የደመወዝ ቦርድ ተቋቁሞ የዝቅተኛውን ደመወዝ ወለል በየጊዜው እንዲያሻሽል ያዘዘውም፣ የኢትዮጵያ ሠራተኛ ማኅበራት ኮንፌዴሬሽን ይህን ወለል ለዓመታት ሲጠይቅ የቆየውም ያለ ነገር አይደለም። ወለል በሌለበት ታች የሚቀሩት በብዛት ሴቶች ናቸው። የእኛ አገር የፖለቲካ ትግል ይህ ነው፤ ወንድምሽም የሚማረውን ተምሮ ሲጨርስ ቢያግዝበት ደስ ይለኛል።

ከዚህ በኋላ የምታደርጊው ይህ ነው። የሚቀጥለው ፔሮል ከመፈረሙ በፊት ለሰው ሀብት አስተዳደር ክፍል አንድ ገጽ የማይሞላ ማመልከቻ ጻፊ፤ የተቀጠርሽበትን ቀን፣ የሥራ መደብሽን፣ መነሻ ደመወዝሽን፣ ከአንቺ ጋር ተመሳሳይ ሥራ የሚሠራ ወንድ የበለጠ እንደሚከፈለው ማወቅሽን ጥቀሽና የልዩነቱ ምክንያት በጽሑፍ እንዲገለጽልሽ፣ ካልሆነም እንዲስተካከልልሽ ጠይቂ። የስድብና የምሬት ቃል አታስገቢበት። በሁለት ቅጂ አድርገሽ አንዱን መዝገብ ቤት አስገቢ፣ ሌላውን ቀንና ፊርማ አስደርገሽ ቤትሽ አስቀምጪው። መልሱን ሁለት ሳምንት ጠብቂ፤ ከዚያ በላይ ግን ይርጋው አይጠብቅሽም። ከዚያ ወደ ከተማው የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ ወደሚመለከተው ጽሕፈት ቤት ሂጂና ተቆጣጣሪው እንዲያይልሽ አመልክቺ፤ እዚያ ካልተፈታ የፍርድ ቤቱ የሥራ ክርክር ችሎት አለ። የጠበቃ ገንዘብ የለኝም ብለሽ እንዳትቀሪ፣ አቅም ለሌላቸው ሴቶች በነፃ የሚቆም የኢትዮጵያ ሴቶች የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር የሚባል ድርጅት መኖሩንም እወቂ።

በደብዳቤሽ ላይ በፋብሪካው ውስጥ የሠራተኛ ማኅበር ስለመኖሩ አልነገርሽኝም። ካለ፣ ማመልከቻውን ከማስገባትሽ በፊት ለማኅበሩ ተመራጮች አሳዪያቸው። ከሌለ፣ ለማቋቋም ሕጉ የሚጠይቀው 10 ሠራተኛ ነው። በአንቺ መስመር ስንት ሰው እንደተቀመጠ፣ ከነዚያም መካከል ስንቱ ደመወዙን ለመናገር ፈቃደኛ እንደሆነ ቆጥረሽ መልሰሽ ጻፊልኝ።